ቶር በቀርፋፋ ኔትወርክ ላይ፦ ስለ ታይምአውት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮምፒውተር በመጠገንና ሶፍትዌር በመጫን ነው የምተዳደረው። ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ እየደወሉ «ቶር እምቢ አለኝ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ቶር ማንነትን ሸፍኖ ኢንተርኔት ለመጠቀም የሚያስችል ሶፍትዌር ነው። አስተማሪዎች አሉ፣ ተማሪዎች አሉ፣ ስለ ራሳቸው ሕመም ማንም ሳያውቅባቸው ማንበብ የሚፈልጉም አሉ። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለዚህ ነው ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ የምመልሰው።

የሴቲንጎቹን ስም እዚህ በራሳችን ፊደል ጽፌዋለሁ። በቶር የሴቲንግ ፋይል ውስጥ ሲገቡ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቃላቱ ሳይነጣጠሉ ተያይዘው ይጻፋሉ፤ ከስሙ ቀጥሎ አንድ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ቁጥሩ።

ታይምአውት ምንድን ነው?

ሶፍትዌሩ አንድ ነገር ጠይቆ መልስ እስኪመጣለት የሚታገሥበት የጊዜ ገደብ ነው። ገደቡ ሲያልፍ «ይህስ አይመጣም» ብሎ ይተወዋል፤ ወይ ሌላ መንገድ ይሞክራል ወይ የስሕተት መልእክት ያወጣል። ገደቡ ከመጠን በላይ ሲያጥር ደጃፍ የደረሰ እንግዳ ይመለሳል። ከመጠን በላይ ሲረዝም ደግሞ የማይመጣ ሰው ሲጠበቅ ይመሻል። ቶር ውስጥ እንዲህ ያለው ገደብ አንድ ብቻ አይደለም፤ ቢያንስ ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ዌብሳይት ደህና እየተከፈተ ቶር ብቻ ለምን ያዘግማል?

ቶር የምትልኩትን ነገር በሦስት ሪሌዮች፣ ማለትም ዳታ በሚያስተላልፉ ኮምፒውተሮች፣ አሳልፎ ነው የሚያደርሰው። የመጀመሪያው ጋርድ ይባላል፤ እናንተን ያውቃል፣ የምትሄዱበትን ግን አያውቅም። የመጨረሻው፣ ኤግዚት የሚባለው፣ የምትሄዱበትን ያውቃል፣ እናንተን አያውቅም። መካከለኛው ሁለቱን ያለያያል። ሦስቱን ያገናኘው መንገድ ሰርኪት ይባላል። ሪሌዮቹ በአብዛኛው ያሉት አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ነው።

ከጎጃም አዲስ አበባ የሄደ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ከማርቆስ እስከ ደጀን ሜዳው ይሮጣል፣ ከጎሐ ጽዮን ወዲያም ይሮጣል፤ ቀኑን የሚበላው የዓባይ በረሃ ነው። በኛ ኔትወርክ በረሃው ከስልካችሁ ወይም ከኮምፒውተራችሁ እስከ ጋርዱ ያለው መንገድ ነው። ቶር ደግሞ አንድ ሰርኪት ሊሠራ ይህን በረሃ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ይሻገረዋል፦ መጀመሪያ ከጋርዱ ጋር ቁልፍ ለመለዋወጥ፣ ቀጥሎ በጋርዱ በኩል ወደ መካከለኛው፣ ከዚያ በሁለቱም በኩል ወደ ኤግዚቱ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም።

በቁጥር እናስላው። ከእናንተ እስከ ጋርዱ ደርሶ መልሱ 700 ሚሊሰከንድ ይፍጅ፤ በሪሌዮቹ መካከል ያለው ደግሞ በየእርከኑ 100 ይጨምር። የመጀመሪያው ዙር 700፣ ሁለተኛው 800፣ ሦስተኛው 900 ይሆናል፤ ድምሩ 2.4 ሰከንድ። ያው የመጀመሪያው መንገድ 200 ሚሊሰከንድ ቢሆን ኖሮ ድምሩ ከ1 ሰከንድ በታች ነበር። በጂኦስቴሽነሪ ሳተላይት የሚገናኝ ቢሮ ወይም ትምህርት ቤት ከሆነ ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ ደርሶ መልሱ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ይህ የብርሃን ፍጥነት ጉዳይ ስለሆነ በሴቲንግ አይቀነስም።

ከመዘግየቱ በላይ የሚጎዳው ግን መቆራረጡ ነው። ኮኔክሽን ለመክፈት የተላከችው የመጀመሪያዋ ፓኬት (ትንሽ የዳታ ጥቅል) መንገድ ላይ ብትጠፋ ኮምፒውተሩ 1 ሰከንድ ጠብቆ ይደግማታል፤ ያችም ከጠፋች 2 ሰከንድ፣ ከዚያ 4 ሰከንድ ይጠብቃል። ሦስቴ ከጠፋች ሥራው ገና ሳይጀመር 7 ሰከንድ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ «ስፒድ ቴስት ስሠራ ጥሩ ነው፣ ቶር ግን አይሠራም» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ፓኬት ይጠፋብህ እንደሆነ ነው። ፒንግ፣ መልስ የሚጠይቅ ትንሽ የሙከራ ፓኬት፣ 50 ጊዜ ልካችሁ ስንቱ እንደተመለሰ ቁጠሩ። ከ50 ውስጥ አምስትና ስድስቱ ከቀሩ፣ ከሴቲንጉ በፊት ስልኩን ወይም ሞደሙን ወደ መስኮት ማስጠጋት ይቀድማል።

ሲጀምር በመቶኛ ቁጥር ያሳይና ይቆማል። ስንት ደቂቃ ልጠብቅ?

ከምታስቡት በላይ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫነ ቶር፣ በደካማ 3ጂ ላይ፣ 15 ደቂቃ ቢፈጅ አይግረማችሁ።

ቁጥሩ የት እንደቆመ ማወቅ ብዙ ነገር ይናገራል። 5 እና 10 ላይ ከሆነ የመጀመሪያውን ኮኔክሽን ገና እየከፈተ ነው። 14 ላይ ከመጀመሪያው ሪሌይ ጋር የምስጢር ቁልፍ እየተለዋወጠ ነው። ከ25 እስከ 40 ድረስ የሪሌዮቹን ስም ዝርዝርና የፊርማ ቁልፎች እያወረደ ነው፤ ዝርዝሩ በየሰዓቱ ይታደሳል። ከ50 እስከ 75 የእያንዳንዱን ሪሌይ መግለጫ ያወርዳል፤ በቀርፋፋ መስመር ረጅሙ ጉዞ ይህ ነው። ከ80 በላይ ከደረሰ ሰርኪት መሥራት ጀምሯል።

አንድ ቀን ማታ ከቢቸና አንዲት አስተማሪ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ 14 ላይ ተቸከለ። ላጥፋውና እንደገና ልጀምረው?» አለች። ስንት ጊዜ እንዳጠፋችው ጠየቅኋት፤ ስድስት ጊዜ፣ በየሁለት ደቂቃው። «አሁን አትንኪው፣ ስልኩን ሳትዘጊ ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ» አልኋት። ከአራት ደቂቃ በኋላ 15፣ ወዲያው 25፣ ከዚያ 30 ሆነ። 50 ላይ ሲደርስ እንደገና ቆመ፤ ትንፋሿን እሰማ ነበር። ቡና አፍልታ እንድትመለስ ነገርኋት። ስትመለስ 100 ሆኖ ጠበቃት። ምንም ሴቲንግ አልቀየርንም። በማግስቱ ስትከፍተው ከደቂቃ በታች ነው የፈጀባት፤ ያወረደው ዝርዝርና መግለጫ ዲስኩ ላይ ስለሚቀመጥ ሁለተኛው ቀን ይቀላል።

እንግዲህ መመሪያዬ ይህ ነው፦ ቁጥሩ በ10 ደቂቃ ውስጥ አንዴም ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ሌላ ነገር ሞክሩ። ሎጉን (ቶር የሠራውን የሚመዘግብበትን ጽሑፍ) ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ርዳታ ስትጠይቁ ያስፈልጋል።

ሴቲንግ ከመንካቴ በፊት ምን ልመልከት?

ሰዓቱን። ጎጃም ውስጥ «ቶር አልሠራ አለ» ከሚሉኝ ሰዎች በብዙዎቹ ላይ ያገኘሁት ጥፋት ይህ ነው፤ የውጭ አገር መመሪያ ላይ ደግሞ የኛው ምክንያት አይጻፍም።

አሮጌ ዴስክቶፖች የማዘርቦርድ ባትሪያቸው ያልቃል። መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳና ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ባለቤቱ ያንን ያይና በእጁ ያስተካክለዋል፤ የሚያስተካክለው ግን በኛ ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ከሆነ 8 ብሎ ያስገባል፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠረውን ስለሆነ ለእሱ ያ 14 ሰዓት መሆን ነበረበት። በአንድ ጊዜ ስድስት ሰዓት ተዛባ። ዓመተ ምሕረቱን በኛ አቆጣጠር ያስገባ ሰው ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወሰደው።

ቶር የሪሌዮቹን ዝርዝር ሲቀበል «ይህ የሚያገለግለው ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ነው» የሚል ማኅተም አለው። የኮምፒውተሩ ሰዓት ከማኅተሙ በጣም ከራቀ ዝርዝሩን አይቀበለውም። ስድስት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ሊያመጣና አንዳንድ አገልግሎቶችን ሊያበላሽ ይችላል፤ ዓመታት ከሆነ ግን ጨርሶ አይገናኝም። ታይምአውቱን 1,000 ሰከንድ ብታደርጉትም ያው ነው። ሰዓቱን በአዲስ አበባ ወይም በናይሮቢ የሰዓት ቀጠና፣ ሲደመር ሦስት ላይ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስተካክሉ። ባትሪዋን አስቀይሩ።

ሁለተኛ ስሪቱን አድሱ። ቶር ከ0.4.7 ስሪት ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ አዲስ የመጨናነቅ መቆጣጠሪያ ገብቶለታል፤ አሮጌውን ስሪት በሴቲንግ ከማባበል አዲሱን መጫን ይሻላል። ሦስተኛ፣ የቶር ብራውዘርን የደኅንነት ደረጃ ከፍ አድርጉት። ጃቫስክሪፕት ሲጠፋ ብዙ ገጾች ይቀልላሉ፣ ለማንበብ ብቻ ከሆነ ደግሞ የሚጎድላችሁ ትንሽ ነው። ለደኅንነት የተሠራ ነገር የዳታ ፓኬጅም ይቆጥባል።

የሴቲንግ ፋይሉ የት ነው ያለው?

ስሙ ቶርአርሲ ነው። ቶር ብራውዘር ላይ ብራውዘሩ ከተጫነበት ፎልደር ውስጥ ብራውዘር፣ ከዚያ ቶርብራውዘር፣ ከዚያ ዳታ፣ ከዚያ ቶር በሚለው ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሊኑክስ ላይ ለብቻው የተጫነ ቶር ከሆነ ኢቲሲ ሥር፣ ቶር ፎልደር ውስጥ ነው። አንድሮይድ ላይ ኦርቦት የተባለው የቶር አፕ ሴቲንጉ ውስጥ ለዚሁ የሚሆን መጻፊያ ቦታ አለው።

ብራውዘሩን ዘግታችሁ ነው ፋይሉን የምትነኩት፤ ክፍት ከሆነ መልሶ ሊጽፍበት ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ኖትፓድ አዲስ ፋይል ሲያስቀምጥ ከስሙ ኋላ ቲኤክስቲ ይለጥፍበታል፤ ቶር ያንን ፋይል አያነበውም። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ቁጥር ስቀያይር ውዬ፣ ቶር ፋይሉን ጭራሽ እንዳላየው የገባኝ ሊመሽ ሲል ነው።

ሰርኪት ቢልድ ታይምአውትን ስንት ላድርገው?

በአብዛኛው አትንኩት። ለምን እንደሆነ ግን በደንብ ላስረዳ፤ የነገሩ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ይህ ሴቲንግ አንድ ሰርኪት ተሠርቶ እስኪያልቅ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው። መነሻው 60 ሰከንድ ነው። ነገር ግን ከጎኑ ለርን ሰርኪት ቢልድ ታይምአውት የሚባል ሌላ አለ፤ እሱ በመነሻው 1 ነው፣ ማለትም «ተማር» ነው የሚለው። ሲማር 60ው መነሻ ብቻ ይሆናል። ቶር የራሱን ሰርኪቶች ጊዜ እየለካ ይመዘግባል፤ 100 ያህል ሲሞሉለት፣ ከሰርኪቶቹ 80 በመቶው የሚያልቁበትን ጊዜ አስልቶ ያንን ገደብ ያደርገዋል። ከዚያ ወዲያ የሚዘገዩትን 20 በመቶዎቹን ትቶ ፈጣኖቹን ይጠቀማል። እስከ 1,000 የሚደርሱ ልኬቶችን ያስታውሳል፤ ስቴት በተባለ ፋይል ውስጥ ስለሚያስቀምጣቸው ኮምፒውተሩ ቢጠፋም አይጠፉም።

ይህ ማለት ቀርፋፋ ኔትወርክ ላይ ቶር ራሱ ቀስ ማለትን ይማራል። እናንተ ገምታችሁ ከምታስገቡት ቁጥር እሱ ለክቶ ያገኘው ይሻላል። አዲስ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ክፍት አድርጋችሁ ተዉት፤ ከበስተጀርባ የሙከራ ሰርኪቶችን እየሠራ ይለካል።

ችግሩ የሚመጣው ቦታ ስትቀይሩ ነው። ማርቆስ ከተማ ውስጥ ጥሩ ዋይፋይ ላይ የሰነበተ ላፕቶፕ ገደቡን 1.5 ሰከንድ አድርጎ ተምሯል እንበል። ቅዳሜ ይዛችሁት ወደ ገጠር ወረዳ ወጣችሁ፤ እዚያ አንድ ሰርኪት ከላይ እንዳሰላነው 2.4 ሰከንድ ይፈጃል። ቶር በከተማ ልኩ ሲለካው ሁሉም «ዘገየ» ይሆንበታል። አንዱን ይተዋል፣ ሌላውን ይጀምራል፣ ያንንም ይተዋል። እናንተ የምታዩት ነጭ ገጽ ነው። ሶፍትዌሩ ለዚህም ተዘጋጅቷል፦ ከመጨረሻዎቹ 20 ሰርኪቶች 18ቱ ካለፈባቸው «ኔትወርኩ ተቀይሯል» ብሎ የተማረውን ይጥልና እንደገና ከ60 ሰከንድ ይጀምራል። ምንም ዳታ ሳይገባ ኔትወርኩ ጨርሶ ጠፍቶ ከሆነ ግን ጥፋቱን በሰርኪቶቹ ላይ አይቆጥርም። ያ ሁሉ እስኪሆን ጥቂት ደቂቃ ይሄዳል። ብዙ ሰው በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው ዘግቶ የሚሄደው።

ስለዚህ፦ ቦታ ከቀየራችሁ በኋላ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ስጡት። ሥራችሁ በየሁለት ቀኑ ከከተማ ገጠር የሚያመላልሳችሁ ከሆነ ብቻ መማሩን 0 አድርጋችሁ፣ ሰርኪት ቢልድ ታይምአውትን 60 ላይ ማጽናት ትችላላችሁ። የሚጎድላችሁ ነገር አለ፤ ከተማ ውስጥም ቀርፋፋ ሰርኪቶችን ከመለየት ይቆጠባል። በሳተላይት ለሚገናኝ ቦታ መማሩን እንደበራ ትታችሁ መነሻውን 120 ማድረግ ይበቃል።

«10 አድርገው፣ ይፈጥናል» የሚለውን ምክር አትስሙ። ፈጣን መስመር ላለው ሰው መማሩ ከ10 ሰከንድ በታች ራሱ ያወርድለታል፤ ለኛ ደግሞ መማር ከመጀመሩ በፊት መንገዱን ይዘጋብናል።

ታዲያ መንካት ያለብኝ የትኛውን ነው?

ሁለቱን፦ ሰርኪት ስትሪም ታይምአውትና ሶክስ ታይምአውት።

ሰርኪቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ገጹን ለመክፈት ጥያቄ በውስጡ ይላካል። መልሱ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ካልመጣ ቶር ጥያቄውን ከዚያ ሰርኪት ነቅሎ ሌላ ላይ ይተክለዋል። ጥሩ ኔትወርክ ላይ ይህ ብልኅነት ነው። እየተቆራረጠ በሚሠራ መስመር ላይ ግን መልሱ 12ኛው ሰከንድ ላይ እየመጣ ሳለ ጥያቄው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይጀምራል፤ ሌላው ቦታም እንዲሁ። ሰርኪት ስትሪም ታይምአውት በመነሻው 0 ነው፣ ማለትም በራሱ መርሐ ግብር ይሂድ ነው የሚለው። 60 ስታደርጉት አንድ ደቂቃ ይታገሣል። የቶር የራሱ መመሪያም በጣም ለሚዘገይ ኔትወርክ 60ን ነው የሚጠቅሰው። በኔ ልምድ ከሁሉም በላይ ለውጥ ያየሁት በዚህ አንድ መስመር ነው።

ሶክስ ፕሮግራሞች ከቶር ጋር የሚነጋገሩበት መንገድ ነው፤ ሶክስ ታይምአውት ደግሞ ብራውዘሩ ወይም ሌላው ፕሮግራም ያመጣው ጥያቄ የሚሆነው ሰርኪት እስኪገኝለት የሚቆይበት ነው። መነሻው 2 ደቂቃ ነው። 300 ሰከንድ፣ አምስት ደቂቃ ማለት ነው፣ ብታደርጉት ጉዳት የለውም።

ቶር ተገናኝቷል፣ የኔ ፕሮግራም ግን «ጊዜው አልፏል» ይላል።

ፕሮግራሙ የራሱ ታይምአውት አለው። ቶር አምስት ደቂቃ ቢታገሥም ፕሮግራሙ በ30 ሰከንድ ጥሎ ከወጣ ዋጋ የለውም። ከርል፣ ጊትና የመሳሰሉትን ፋይልና ኮድ የሚያወርዱ ፕሮግራሞች በቶር በኩል የምታስኬዱ ሰዎች የየራሳቸውን ገደብ ከሶክሱ ጋር አስተካክሉ፤ ትልቅ ፋይል ከሆነ ደግሞ ካቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ ተጠቀሙ። የቶር ብራውዘርን የውስጥ ሴቲንግ ግን አትንኩ። ሁሉም ተጠቃሚ አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው ነው የተሠራው፤ እናንተ በቀየራችሁ ቁጥር ከሌላው ትለያላችሁ።

ስልክ ላይስ? ዳታዬን በፓኬጅ ነው የምገዛው።

ቶር ትራፊኩን ለሚከታተል ሰው ግራ እንዲያጋባ በባዶ ጊዜም ትናንሽ ባዶ ፓኬቶች ይልካል። ሪዱስድ ኮኔክሽን ፓዲንግን 1 ካደረጋችሁ ያንን ይቀንሰዋል፤ ዳታም ባትሪም ይተርፋል። ጨርሳችሁ አታጥፉት።

በሞባይል ኔትወርክ ላይ ሌላም ነገር አለ፦ ምንም ሳያልፍበት የቆየ ኮኔክሽንን ኦፕሬተሩ በራሱ ይዘጋዋል፤ ቶር ግን ክፍት ይመስለዋል። ያኔ ስልኩን አንስታችሁ የመጀመሪያውን ገጽ ስትከፍቱ ረጅም ጊዜ ትጠብቃላችሁ። ኪፕአላይቭ ፒሪየድ መነሻው 5 ደቂቃ ነው፤ ወደ 120 ሰከንድ ማውረድ ብዙ ጊዜ ይህን ያስቀራል። አንድሮይድ ኦርቦትን ለባትሪ ብሎ እንዳያስተኛውም ከባትሪ ቁጠባው ውስጥ አውጡት።

ቀርፍፎ ነው ወይስ ታግዶ? ብሪጅ ያፈጥናል?

ብሪጅ ማለት በይፋዊው ዝርዝር ውስጥ የሌለ የመግቢያ ሪሌይ ነው፤ አያፈጥንም። የተሠራው እገዳን ለማለፍ ነው። ኦብፈስ4 የሚባለው ትራፊኩ ቶር መሆኑ እንዳይታወቅ ይሸፍነዋል፤ ብሪጁ በጋርዱ ቦታ ስለሚገባ ብዙ አያዘገይም። ስኖውፍሌክ ደግሞ በበጎ ፈቃደኞች ብራውዘር በኩል ወደ ብሪጁ የሚያደርስ ተጨማሪ መሸጋገሪያ አለው፤ ያ ሰው ብራውዘሩን ሲዘጋ ሌላ መፈለግ አለበት። ሚክ የሚባለው ሌላው ዓይነት ከሁሉም ቀርፋፋው ነው።

መለያው ይህ ነው። ሌሎች ዌብሳይቶች በፍጥነት እየተከፈቱ ቶር ብቻ 10 ወይም 14 ላይ፣ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ፣ እዚያው ቁጥር ላይ ከቆመ እገዳ መጠርጠር ተገቢ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ቶር ፕሮጀክት ኢትዮጵያ ውስጥ ትራፊክን ውስጡን እየፈተሸ ቶርን የሚለይ ዘዴ ሥራ ላይ መዋሉን ገልጾ ነበር። ሁሉም ነገር እያዘገመ ቶር ደግሞ ይበልጥ ካዘገመ፣ ሌሊት ሲሻሻል ቀን ሲብስ፣ ያ የኔትወርክ ድካም ነው። ብሪጅ ስትጨምሩበት ይባስ ብሎ ይደክማል።

ይህንንም ልብ በሉ፦ ያለ ብሪጅ ስትጠቀሙ ኦፕሬተሩ የምታነቡትን አያይም፣ ቶር መጠቀማችሁን ግን ያያል።

ታይምአውት ስቀይር ማንነቴን ላጋልጥ እችላለሁ?

ከላይ የጠቀስኋቸው ለውጦች ከማንነት ይልቅ ትዕግሥትን ነው የሚነኩት። አደጋው ያለው ሰዎች ተስፋ ሲቆርጡ በሚያደርጉት ነገር ላይ ነው፤ ይህን በተለይ አስጠንቅቃለሁ።

ዋነኛው ስቴት ፋይሉን ማጥፋት ወይም ቶርን ነቅሎ በየጊዜው እንደገና መጫን ነው። ቶር አንድ ጋርድ ከመረጠ ለወራት ይይዘዋል፤ ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ክፉ ሰው የሚያስተዳድረው ሪሌይ ሊኖር ይችላል፤ በየቀኑ አዲስ ጋርድ የሚመርጥ ሰው አንድ ቀን እዚያ ላይ መውደቁ አይቀርም። ስቴት ፋይሉን ስታጠፉ ጋርዱም ይጠፋል፣ የተማረው ጊዜም ይጠፋል፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ነገር ሰበራችሁ። አንድ ደንበኛዬ «እንዲፈጥን» ብሎ በየሳምንቱ ነቅሎ ይጭነው ነበር። ለምን እንደሚቀርፍፍበት ሳስረዳው ደነገጠ፤ የሚያጠፋው እሱ ራሱ ያስተማረውን ነበር።

የአንድ አገር ሪሌዮችን ብቻ የሚያስመርጡ ሴቲንጎችንም ተዉ። መንገዱ በጠበበ ቁጥር እናንተን ለመለየት ይቀላል። አንድ ገጽ እምቢ ካለ «ለዚህ ሳይት አዲስ የቶር ሰርኪት» የሚለውን ተጫኑ፤ እሱ መካከለኛውንና ኤግዚቱን ይቀይራል፣ ጋርዱን አይነካም።

ኢንተርኔቱ ጨርሶ ሲቋረጥስ?

ያኔ ቶር ምንም አያደርግም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ «ለእኔ የሚሆን ታይምአውት የለም ወይ» ብለው የጠየቁኝ ነበሩ፤ የለም። ቶር ያለውን መስመር ይሸፍናል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። አንዳንድ ሰው ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብሎ አጥፍቶት ነበር፤ መስመሩ ሲመለስ 100 ሜጋባይት ገደማ የሚሆነውን እንደገና ለማውረድ ተቸገረ። ሲቋረጥ አታጥፉት። የመጫኛ ፋይሉን፣ እውነተኛነቱ ከሚረጋገጥበት የዲጂታል ፊርማ ፋይል ጋር፣ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት፤ ከሰው በፍላሽ ከተቀበላችሁ ደግሞ ፊርማውን ሳታረጋግጡ አትጫኑት።

አንተ ራስህ የምትጠቀምበትን አሳየን።

ሞጣ አካባቢ ያሉ ዘመዶቼ ቤት ያለው ላፕቶፕ ላይ ያስገባሁት ሦስት መስመር ብቻ ነው፦

ሰርኪት ስትሪም ታይምአውት 60
ሶክስ ታይምአውት 300
ሪዱስድ ኮኔክሽን ፓዲንግ 1

መማሩን እንደበራ ትቼዋለሁ፣ ሰርኪት ቢልድ ታይምአውትን አልጻፍሁትም። መጀመሪያ የገባው የመጀመሪያው መስመር ነው፤ ሁለት ቀን አይተን ሁለተኛውን ጨመርን፣ ሦስተኛው የገባው ዳታው ቶሎ አለቀ ሲሉኝ ነው። እናንተም አንድ በአንድ አስገቡ። ሦስቱን በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛው እንደጎዳ አታውቁም፤ ስትደውሉልኝ እኔም አላውቅም።